ሞተሩን ማን ነበር የሚነዳው?

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

የዒድ ሁለተኛ ቀን። ሰፈራችን ሸረፊያ ጭር ብሏል፤ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ክሊኒኩ ግን ሰው አላጣም። በግ ሲያርዱ እጃቸውን የቆረጡትን ሳሽግ ዋልኩ። እግሬ አብጧል።

ቤት ስገባ ባሌ አለማየሁ ተኝቷል። በሚሠራበት የአውሮፕላን ጥገና የሌሊት ተረኛ ሆኖ ነው ያደረው። ናሆም የለም። የት ሄዶ ይሆን እላለሁ እንጂ አውቃለሁ... ሞተሩ ላይ ነው። ድምፁን ከሩቅ እለየዋለሁ። በራችን ላይ እስኪቆም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ሲቆም ሽንኩርቴን መክተፍ እቀጥላለሁ።

"ማማ፣ ኸላስ፣ መጣሁ አይደል?" ይለኛል።

አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እዚሁ ጅዳ ያደገ። ትምህርቱን ጨርሶ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ መልስ ይጠብቃል። ቁጭ ብሎ መጠበቁ ነው ያበላሸው? ወይስ እኛ ነን? ሥራ፣ ሥራ፣ ሥራ...

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

የናሆምን ሞተር የሚጠግንለት ልጅ ዛሬ በር ድረስ መጣ። ጣሂር ይባላል፤ ወሎዬ ነው። በኒ ማሊክ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። በየመን በኩል ነው የገባው፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። ሰላም ልለው እጄን ስዘረጋ የሱ እጅ ቅባት ስለነበር ክንዱን ሰጠኝ።

"ደኅና ዋሉ እትዬ?"

"ደኅና። ወረቀት ለሌላችሁ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ሊያልቅ ነው፤ ምን አሰብክ?"

"ከፊል የሚሆነኝ፣ በስሙ የሚያሠራኝ ሰው አጣሁ። እህቴ ከድጃ እጅህን ስጥና ሀገርህ ግባ ትለኛለች። እሷ ወረቀቷ ትክክል ነው፤ መካ ሩሰይፋ ሰው ቤት ትሠራለች። ባዶ እጄን እንዴት ልግባ እትዬ?"

ናሆም ከኋላዬ "ያላ ጣሂር!" አለና ተያይዘው ሄዱ። ናሆም ሄልሜት አድርጓል። ጣሂር የለውም። ጠርቼ ልናገር ስል ማዕዘኑን ታጠፉ።

ጥቅምት 15፣ አርብ

ናሆም ተጋጨ። በሕይወት አለ። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ትናንት ከምሳ በኋላ የናሆም ጓደኛ ደወለ። በመካ መንገድ፣ ባሕራ የምትባለውን ከተማ አለፍ ብሎ። አርብ ከሰዓት መንገዱ ባዶ ነው ብለው ሊሽቀዳደሙ ወጥተው ነበር። "ፍጥነቱ ስንት ነበር?" ስለው ሌላ ሌላውን አወራ። ፊታቸው የነበረች ፒክአፕ መስመር ቀየረች። ናሆም አሸዋው ላይ ተወረወረ። በዚያው ሞተር ላይ አብሮት የነበረው ጣሂር የመንገዱ ዳር ብረት ላይ ወደቀ።

ናሆምን ጓደኞቹ በመኪና ወደ ጅዳ፣ ወደ ክሊኒካችን አመጡት። ሁለቱም የእጅ አንጓዎቹ ተሰብረዋል። ከትከሻው እስከ ወገቡ ቆዳው የለም። አስፋልት የሰው ቆዳ ሲገሽልጥ ስንት ዓመት አይቻለሁ። የልጄን ጀርባ ሳይ ግን የቁስል ጋዙን የት እንዳስቀመጥኩ ጠፋኝ።

ጣሂርን አምቡላንስ መካ ወሰደው። እኛ መሄድ አንችልም። ክርስቲያን ነን፣ ከኬላው ወዲያ አያሳልፉንም። የክሊኒካችንን የላብራቶሪ ሠራተኛ ሐሚድን ለመንኩት፤ እሱ ሙስሊም ነው፣ ሄዶ አየልኝ። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆርጠውታል። ገና አልነቃም።

የትራፊክ ፖሊስ ናሆምን አልጋው ላይ ጠየቀው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

"እሱ ነበር የሚነዳው" አለ ልጄ። "ልሞክረው ብሎኝ ሰጠሁት።"

ፖሊሱ ጻፈና ሄደ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ናሆምን ቤት አመጣነው። ሁለቱም እጆቹ በጄሶ ስለታሰሩ እኔ ነኝ የማጥበው። ከሕፃንነቱ ወዲህ ዛሬ ገና አጠብኩት። አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የሁለቱም ጭኖቹ ውስጥ ውስጡ በልዞ ጠቁሯል። ስፖንጁን ይዤ ቆምኩ። ድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሞተር ሲጋጭ የነዳጅ ታንከሩ ጭኑን የሚመታው ፊት የተቀመጠውን ነው። መሪ የያዘው ነው አንጓው የሚሰበረው።

"ናሆም?"

"ማማ፣ ውሃው ቀዘቀዘ።"

ፎጣ አለበስኩት። ምንም አላልኩም። ለምን?

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ለአለማየሁ ነገርኩት። ናሆም እንዳይሰማ መኪና ውስጥ ነው የነገርኩት። የመኪናውን ሞተር አጠፋና መሪውን እንደያዘ ቀረ።

"ገብቶኛል" አለ። "ያን ሞተር ለማንም አይሰጥም። እኔን እንኳ አንድ ቀን አላስነካኝም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ፈሉ፣ ያ ልጅ ወረቀት የለውም። ነዳም አልነዳም ይመልሱታል። የኛ ልጅ ግን መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ሰው አካለ ጎደሎ አደረገ ተብሎ ይታሰራል። የኔ ሥራስ? ያንቺስ?"

"እግሩስ?"

"እግሩን አንቺ ትመልሽለታለሽ?"

ክፉ ሰው አይደለም። አውቀዋለሁ። ፈርቷል፣ ደክሞታልም። እኔም ደክሞኛል። አልተጨቃጨቅንም። ዳቦ ገዝተን ቤት ገባን።

ጥቅምት 22፣ አርብ

በሐሚድ እጅ ለጣሂር ቢጃማና ጭማቂ ልኬ ነበር። ከድጃ ቁጥሬን ከሱ ተቀብላ ዛሬ ደወለች። ናሆምን እያጎረስኩ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። ምነው ባላደረግኩት... ወይስ እንኳን አደረግኩት?

"እትዬ ፈለቀች? ከድጃ ነኝ፣ የጣሂር እህት። ዓይኑን ገለጠ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

"እትዬ... አፉ ይበሉን። ወንድሜ ልጅዎን ሊገድልብዎት ነበር። እሱ ነው የነዳው አሉኝ ፖሊሶቹ። ሲጠይቁት አላስታውስም ይላል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ያለቅሳል። ላጠፋው አላህ ቀጥቶታል፣ እግሩን አጥቷል። እናት ነዎትና አይርገሙብኝ።"

አይርገሙብኝ አለችኝ። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ናሆም ለመጉረስ የከፈተውን አፉን ገጠመው።

እኔ ምን አልኳት? "አይዞሽ።" አይዞሽ!

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ናሆም ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ጠዋት ሰሃን ሳጥብ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

"ማማ፣ እኔ ነበርኩ።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካጠብኩህ ቀን ጀምሮ።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

እናትህ ስለሆንኩ ልለው ነበር። አፈርኩ። ውሃውን ዘጋሁት።

"ፈራሁ ማማ። ወላሂ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ይሞታል ብዬ ነበር።"

ይሞታል ብሎ... የሞተ ሰው ላይ ቢያላክኩ ምን ይጎዳዋል ብሎ። ይህን ያሰበው እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነው።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

የምሕረቱ ጊዜ አበቃ። ከጠዋት ጀምሮ አፈሳ ነው። መንገዱ ላይ ሐበሻ አይታይም። ግማሹ ታካሚያችን ቀረ። የጽዳት ሠራተኛችንም አልመጣችም፣ ስልኳ ዝግ ነው።

ሐሚድ ከመካ ወሬ ይዞ መጣ። የጣሂር ቁስል ትንሽ ከደረቀ በዚህ ሳምንት ሹመይሲ ሊያስገቡት ነው፤ ከሀገር የሚባረሩትን የሚያጉሩበት ቦታ። ጥፋተኛው ራሱ ነው ተብሎ ስለተመዘገበ የሚጠይቀው መብት የለም። ይጫናል፣ አለቀ።

እራት ላይ ይህንኑ ነገርኳቸው። አለማየሁ ማንኪያውን አስቀመጠ። ናሆም መጀመሪያ በዐረብኛ አንድ ነገር ጀመረ፣ ተወው፣ ከዚያ በአማርኛ፦

"ባባ፣ ነገ ፖሊሶቹ ጋ ውሰደኝ።"

"እጅህ ሳይድን?"

"አፌ ደኅና ነው።"

አለማየሁ ወደኔ አየ። እንድከለክለው ጠበቀ መሰለኝ። አልከለከልኩም።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ትራፊክ ቢሮው በር ላይ መኪና ውስጥ ጠበቅኩ። አባትና ልጅ ገቡ። አለማየሁ ብቻውን ተመለሰ። የናሆምን ስልክና ቀበቶ ይዟል።

"መጀመሪያ አላመኑትም። ማን አስገድዶህ ነው አሉት።"

"ከዚያስ?"

"ሁሉንም ነገራቸው። መፈረም አልቻለም፣ ከጄሶው በወጣው አውራ ጣቱ አሻራ አስፈረሙት።"

ቁልፉን አስገባ፣ አላዞረውም። መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እናቱን ከቀበርን ወዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ክሊኒክ፣ እስር ቤት፣ ቤት። ክሊኒክ፣ እስር ቤት፣ ቤት። ደከመኝ።

ኅዳር 6፣ አርብ

ጣሂር ሹመይሲ አልገባም። ጉዳዩ እንደገና ስለተከፈተ ሆስፒታል እንዲቆይ ተፈቀደለት። ከድጃ ዛሬ ከማዳሟ ሾፌር ጋር በኒ ማሊክ መጣች፣ የወንድሟን ልብስ ልትወስድ። እንዳግዛት ሄድኩ። አብረውት የሚኖሩት ልጆች ተይዘዋል። ክፍሉ ውስጥ የተበላ ሰሃን ሳይነሳ ተቀምጧል።

እጄን አልጨበጠችም። ሸሚዞቹን እያጠፈች፣ ሳታየኝ፦

"ያን ቀን አፉ ይበሉን ስልዎት... ያውቁ ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር።

"አውቅ ነበር።"

አጣጥፋ ጨረሰች። ሻንጣውን ዘጋች።

"አፉ በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት" አልኳት።

"አፉ ማለቱ የኔ አይደለም እትዬ። እግሩ የሱ ነው።" የሻንጣውን አንድ ጫፍ ይዛ፣ "በዚያኛው ጫፍ ያዙልኝ፣ ደረጃው ጠባብ ነው።"

ሻንጣውን ተጋግዘን አወረድነው።

ኅዳር 20፣ አርብ

ጣሂር ዛሬ ሀገሩ ገባ። ፍርዱን ተቀምጦ መጠበቅ አልፈለገም። ለከድጃ ውክልና ሰጥቷት የካሳውን ጉዳይ እሷ ትከታተላለች። ሰው ሠራሽ እግሩን የአለማየሁ ወንድም አዲስ አበባ ላይ ሊያሠራለት ቃል ገብቷል። ከድጃ ደውላ ኤርፖርት እንደሚያመጡት ነገረችን፤ ሄድን።

ሰው በሰው ላይ ነው። ብርድ ልብስ የተሸከመ፣ ሕፃን ያዘለች፣ ባዶ እግሩን የቆመ። ጣሂርን መጀመሪያ አለየሁትም፣ በጣም ከስቷል። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። የሱሪው አንድ እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

አለማየሁ ፊቱ ተንበረከከ። "ይቅር በለን ልጄ።"

ጣሂር በሱ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየ። "ጋሼ፣ ይነሱ። ሰው ያያል።"

ይኸው ነው ያለው። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ግን ወደኔ ዞረ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ናሆምን ይጠይቁልኝ። ቀስ በል ብዬው ነበር። ደጋግሜ። ጀርባውንም መትቼዋለሁ። ነፋሱ ደግሞ ኃይለኛ ነበር... ሰምቶኝ እንደሆነ ብቻ ይጠይቁልኝ።"

"ታስታውሳለህ እንዴ?"

"ከነቃሁ ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ማን ያምነኛል?"

ወንበሩን የሚገፋው ሰው መጣና ወሰደው።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

እስር ቤት ሄጄ ናሆምን ጠየቅኩት። ጄሶው ወልቆለታል፤ አንጓዎቹ የልጅ እጅ መስለዋል። ፍርዱ ገና ነው። ከጨረሰ በኋላ ከዚህ ሀገር እንደሚያስወጡት ነግረውናል። እኛም አብረን እንገባለን። አለማየሁ መልቀቂያውን አስገብቷል። ያ ሁሉ ስንፈራው የነበረው ነገር መጣ፣ እኔና አለማየሁ ግን ቁጭ ብለን እራት እንበላለን።

የጣሂርን ጥያቄ እንዳለ ነገርኩት። ልቤ ውስጥ "አልሰማሁም በል" እያልኩ ነበር። ነፋስ ነበር በል። ሄልሜት አድርጌ ነበር በል። ማንም አይፈርድብህም።

ናሆም እጆቹን አየ።

"ሰምቼዋለሁ" አለ። "ሳቅኩበት። ከዚያ ጨመርኩ።"

ቦርሳዬን አነሳሁ።

"እንደዚሁ ንገሪው ማማ። አታሳምሪው።"

ከድጃ የሰጠችኝን የወሎ ቁጥር መኪና ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። ጣሂር ራሱ አነሳው። ጤናውን ጠየቅኩት፣ ቁስሉን ጠየቅኩት፣ ከዚያ መዘግየቱ ራሱ አሳፈረኝ።

"ሰምቶሃል" አልኩት። "ስቆብህ ነው የጨመረው። እንደዚሁ ንገሪው ብሎኛል።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ እትዬ" አለ። "ድምፄ አንሶ ይሆን እያልኩ ነበር። ጠንከር አድርጌ ብጮህ ኖሮ እያልኩ... ተኝቼም ስጮህ ነበር የማድረው።" ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። "እሺ። ይበቃኛል።"

ይቅር ብዬዋለሁ አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም።