የጥሩነሽ እናት በመስኮቱ ስር

ጣፌ፣ እንዴት ሰነበትሽ? በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው ከሶዶ በዚህ ፖስት ካርድ የምጽፍልሽ።

ላስታምማት የመጣሁላት ጥሩነሻችን የአንጀት ካንሰሯን በቀዶ ጥገና አውጥተውላት ነበር። እናቷ ከቦዲቲ ሲመጡ ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ሐኪሙ በሩ ላይ አስቆማቸው። "እማማ፣ ካንሰሩ የበሽታ መከላከል አቅሟን አዳክሞታል፤ ሆዷ መከፈቱ ደግሞ ለጊዜው አባሰው። ትንሽ ጉንፋን እንኳ ትጥላታለች።"

እናቷ በወላይትኛ የመለሱትን ነርሷ ተረጎመችልኝ፦ "እንግዲህ በሽታዋ እኔ ሆንኩ?"

ከዚያ ግቢው ውስጥ፣ መስኮቱ ስር፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። ጥሩነሽ ሳላቸውን በሰማች ቁጥር "እማዬ አለች" ትለኛለች። እኛ ጋ ደብረ ብርሃን ቢሆን አልጋዋን ከበን ነበር የምንውለው፤ እዚህ የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች እንኳ ከአጥር ውጪ ቆመው ጸለዩላት።

እንዲያም ሆኖ ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሰውነቷ መቋቋም አቃተው። ትናንት ከሰዓት አረፈች። ለእናቷ በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ገብተው ፊቷን ሳሟት፤ ማንም አልከለከላቸውም።

ነገ ቦዲቲ እንቀብራታለን። ካርዱ ሞላብኝ፤ ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላም በይልኝ። እዚያ ስታስተምራቸው ለነበሩት ተማሪዎቿ ግን ከሌላ ሰው ሳይሰሙ አንቺው ንገሪልኝ።

ረድኤት