እጅ የማትጨብጥ ደላላ

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ከብት ገበያ ዋልኩ። ፍየል ደህና ነው። ግመል ግን ጥቂት... ዝናብ ጥሎ ሣር እያለ ማን ይሸጣል?

ሽማግሌውን ምዜ ቦሩን ደላላ እንዲያደርጉኝ ዛሬም ጠየቅኳቸው። የገበያው ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው፤ ደላላ የሚሾሙት እሳቸው። "ፍየልሽን ነግጂ፣ ማን ከለከለሽ? ደላላነት ግን እጅ ይፈልጋል" አሉኝ። እጅማ አለኝ! ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ዋጋ በአፍ አይነገርም። በፎጣ ሥር ተጨባብጠው በጣት ነው የሚነጋገሩት። እኔ ደግሞ ሃይማኖቴ ስለሚከለክለኝ የባዕድ ወንድ እጅ አልይዝም። ታዲያ በዚህ ልተወው? አልተውም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ከሌላ የኬንያ ካውንቲ እንግዶች ሊመጡ ነው። ገበያችን ራሱን እንዴት እንደሚያስተዳድር ማየት ይፈልጋሉ አሉ። ኮሚቴው "ኑርሀን ስዋሂሊውንም አማርኛውንም ታቀላጥፈዋለች" ብሎ እኔን መረጠ። ለማስረዳት እሆናለሁ፣ ለደላላነት አልሆንም? ስቄ ተቀበልኩ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ተናገርኩ! ይህ የገበያ አጥር ትንሽ አገር ነው አልኳቸው። ከጎልቦ ግመል፣ ከቦሪ ፍየል፣ ከድንበር ማዶ በሬ ይገባል፤ በጭነት ሎሪ ወደ ናይሮቢ ይወጣል። ሣር ሻጯም፣ ጫኙም፣ ሻይ ቤቱም የሚተዳደሩት በዚሁ ነው። ከሽያጩ ቀረጥ ካውንቲው ድርሻውን ይወስዳል፤ የኛው ድርሻ ገንዳውንና አጥሩን ያሳድሳል። ሕጉንም የምናወጣው እኛው ነን። ደላላ የማያውቀውን ሰው ከብት አይሸጥም። ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ደላላው ራሱ ይከፍላል።

ሻሮን የምትባለው እንግዳ፣ "ማማ፣ አንቺስ እዚህ ሥራሽ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ደላላ ነኝ።"

አምልጦኝ ነው? የለም፣ አስቤበት ነው። ምዜ ቦሩ በእንግዳ ፊት ምን ይበሉ!

እንግዶቹ እንደሄዱ ምዜ መጡብኝ። "ማን ሾመሽ?"

"ምዜ፣ የፎጣው ሕግ ዋጋ እንዳይሰማ ነው ወይስ እጅ እንዲጨበጥ?"

"...እንዳይሰማ ነው።"

ስልኬን አውጥቼ ቁጥር ጻፍኩና በጅልባቤ ከልዬ ለሳቸው ብቻ አሳየኋቸው። አጠገባቸው የቆመው ሰው እንኳ አላየም። ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አነበቡ። ከዚያ፣ "ሳዋ፣ ይሁን። ሞክሪና እናያለን። ከተሳሳትሽ ግን ማንም አይደርስልሽም።"

ኅዳር 8፣ ሰኞ

የመጀመሪያ ቀኔ። አንድ የማላውቀው ሰው ያማረች ጊደር ይዞ መጣ። "ሽጪልኝ፣ ድርሻሽን እጥፍ አደርገዋለሁ።" ማን ያውቅሃል ስለው አንድ ሰው መጥራት አቃተው። ውሰዳት አልኩት። ልቤ ግን አብሯት ሄደ።

ሌላ ደንበኛ አልመጣም። ወንዶቹ፣ "ደላላዋ፣ ዛሬ ንፋስ ሸጥሽ?" እያሉ ሳቁብኝ። ምዜ ቦሩ አልሳቁም። ከፋኝ፣ በጣም ከፋኝ... ግን ልክ ነበርኩ። ያ ሰው ነገም ቢመጣ አልሸጥለትም።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ገና ሳልደርስ የጎልቦው ዳዶ በር ላይ ጠበቀኝ። ሁለት ግመል ይዟል። "ያንን ባለ ጊደር ሰውዬ መመለስሽን ሰምቻለሁ። የኔን አንቺ ሽጪ" አለኝ። ከገዢው ጋር ስልኩን እየተቀባበልን፣ ዋጋ ስንጽፍ ስናጠፋ፣ አንዱን ሸጥኩለት።

ሁለተኛውን ስጀምር ምዜ ቦሩ መጡ። በገመድ የራሳቸውን ግመል እየሳቡ! ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ።

"ሽጪልኝ" አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

"እሺ ምዜ። ግን ከዳዶ ቀጥሎ ነዎት።"

ግመላቸውን አሰሩና ተራቸውን ጠበቁ።