የአባታችን ፎቅ ሲወርድ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? አንተ «ደኅና ነኝ» ማለትህ ስለማይቀር እውነቱን ሚስትህ ትጻፍልኝ። የእርሷስ ዓይን ተሻላት? ትንሿ ልጅህ ፈተናዋን አለፈች? እኔ ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እቆጣለሁ፣ ሁለቱም አልቀነሱብኝም።

ይህን ጉዳይ በስልክ ልነግርህ አልፈለግሁም። በስልክ አንተ ትጮኻለህ፣ እኔም እጮኻለሁ፣ መሐል ላይ ይቋረጣል። የምጽፍልህ ከአትክልቱ ውስጥ፣ ከእናታችን ሎሚ ሥር ተቀምጬ ነው። ከፊቴ ግንበኞቹ የአባታችንን ፎቅ እያወረዱ ነው። ልጅህን ለጥገና ስትልከው «እኔ ሳልመጣ አንድ ድንጋይ እንዳይነካ» ማለትህን ሰምቻለሁ። ያስነካሁት እኔ ነኝ። ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብብ።

ይህ ቤት በአንድ ሰው እጅ እንዳልተሠራ ታውቃለህ። አያታችን ምድር ቤቱን በድንጋይና በጭቃ ገነባው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ። አባታችን ሲያገባ በምሥራቅ በኩል ፎቁን ጫነበት፤ በረንዳ አወጣለት፣ ሰፋፊ መስኮት ከፈተለት። እናታችን ደግሞ ከመስኮቱ የምታየው ነገር እንዲኖር ቁልቁለቱን በእርከን አስተካክላ ሎሚና ጽጌረዳ ተከለች። ጎረቤቶች ቤቱን «አዲስ ባርኔጣ የደፋ ሽማግሌ» እያሉ ሲስቁ፣ አባታችን «ባርኔጣው ካማረ ሽማግሌው ምን ቸገረው?» ይላቸው ነበር። ለካስ የቸገረው አንገቱ ኖሯል።

ባለፈው ክረምት ውኃ ከግድግዳው ሥር ገባ። ልጅህ ሰሞኑን ለጥገናው እንደመጣ የምሥራቁን ግድግዳ ስንጥቅ አይቶ «አክስቴ፣ ይህ ፎቅ መውረድ አለበት» አለኝ። መሐንዲስነቱን አልክድም፤ አነጋገር ግን ማን እንዳስተማረው እንጃ። «ሻንጣህን ሳትፈታ ቤታችንን ልታፈርስ መጣህ? ሆቴል አምሮህ ነው» አልሁት። እርሱም «ሆቴል ቢያምረኝማ ዝም ብዬ እስኪወድቅ እጠብቅ ነበር፤ እሱ በነጻ ነው» አለኝ። ቁርጥ አንተን!

ጠቡ ሲከር ዋናው ግንበኛ ስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጠፈበት። «እማማ፣ እኛ ምን አከራከረን፣ ግድግዳው ራሱ ይናገር። ከተንቀሳቀሰ ጄሶው ይሰነጠቃል» አለ። እኔም እንደማይሰነጠቅ እርግጠኛ ስለነበርሁ ደስ አለኝ። በማግስቱ ጧት ጄሶው ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት፤ ጥፍሬ ገባበት።

ከዚያ ግድግዳ ሥር አትክልተኛውና ሚስቱ ይተኛሉ። ውጡ ብንላቸው «እኔ ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሚስቱ «ቃሬዛው እስኪመጣልህ ፍራሹን እኔ ልውሰደው» ብላ እየጎተተች ወደ ዕቃ ቤት ስትሄድ፣ እየተነጫነጨ ተከተላት።

ልጅህ ግን አንተን ፈራ። «አባቴ ሳይፈቅድ ብነካው ዕድሜ ልኬን አያናግረኝም» ብሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ያ ግድግዳ አንድ ዝናብ ከጠጣ የአባታችንም የአያታችንም ሥራ አብሮ ይሄዳል። ለአንተ ተደውሎ፣ ጮኸህ፣ ተረጋግተህ፣ እስክትፈቅድ ድረስ የሚታገሥ ደመና የለም። «ታላቅ እኔ ነኝ፤ አውርዱት!» አልሁ። ስለዚህ በልጁ ላይ ክፉ ቃል እንዳይወጣህ።

ጡረታ ስትወጣ ልትገባበት ያሰብኸው ክፍል መሆኑን አልዘነጋሁም። «ከዚያ መስኮት አትክልቱን እያየሁ እሸመግላለሁ» ትለኝ ነበር። አሁን ጣሪያው ተነሥቷል። ምድር ቤቱን በወፍራም እንጨት ደግፈውታል፤ የላይኛው ግድግዳ ሳይጨልም ከወረደ ይተርፋል፣ ካልወረደ እንጃ። አንድ ድንጋይ ተንከባሎ በወደቀ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጬ ሰዎቹን እቆጥራለሁ። ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀምሯል፤ ቀለሙ ሳይታጠብ ላሳጥር።

መስኮቶቹን ሳይሰበሩ አስወርጄ በሸራ ሸፍኛቸዋለሁ። ልጅህ በእነዚሁ መስኮቶችና ድንጋዮች ከላይኛው እርከን ላይ ደረጃ የሌለው ክፍል ሊሠራልህ ይፈልጋል፤ ለጉልበትህም ይበጃል። ነገር ግን የእናታችን ጽጌረዳ መነቀሉ ነው። ያለ ፈቃድህ አፍርሻለሁ፤ ያለ ፈቃድህ ግን አልሠራም። ተቆጣና፣ ሲበርድልህ ጻፍልኝ።

ሚስትህን በጣም ናፍቄያታለሁ በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤም በመነጽሯ እንጂ በባዶ ዓይኗ እንዳታነብ። ትንሿን ልጅ ሳምልኝ። ለአማትህ ከአንገት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። አትክልተኛውና ሚስቱ ሰላም ብለውሃል፤ ዛሬም እርስ በርስ እንደተኳረፉ ናቸው። ልጅህ «የእኔን ስም እንዳታነሺ» ብሎኝ ነበር። ስሙን አላነሣሁም፤ ነገር ግን ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ የሚጠብቀው የአንተን ቃል ነው።

ታላቅ እህትህ

ከቤታችን አትክልት ውስጥ
ሰኔ ፫ ቀን፣ ከቀትር በኋላ