ቅዳሜ ከሰዓት ስለተፈጸመው ቀብሬ

ለክቡር አቶ ውበቱ
የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? በተለይ ጉሮሮዎን እንዴት አደረገዎት? ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የጀመሩት የመክፈቻ ንግግር መብራት እስኪበራ ድረስ ስለቆየ፣ እኛ የበታች ሠራተኞችዎ ለራሳችን ወገብ ሳይሆን ለእርስዎ ድምፅ ስንሳቀቅ ነው የዋልነው። ፈጣሪ ድምፅዎን ይጠብቅልን፤ ዝም ያሉ እንደሆነ ምን እንደምንሠራ አናውቅም።

እኔ በዕቅድና ሪፖርት ክፍል ከመስኮቱ አጠገብ የምቀመጠው ሚሊዮን ነኝ። "አንተ የሪፖርቱ" እያሉ ስለሚጠሩኝ ስሜን ባያስታውሱት አይከፋኝም። የጽሕፈት ቤቱን ስም እዚህ ያልጠቀስኩት ማኅተም እንዳይጠየቅበት ብዬ ነው። ጉዳዬን ቢሮዎ ገብቼ እንዳላቀርብ ደግሞ እርስዎ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት። ስለዚህ በአደባባይ መጻፌን ከድፍረት ሳይሆን ወረፋ ከማጣት ይቁጠሩልኝ፤ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በየተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቅዳሜ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ለምን እንደተፈጠረ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ልብሱን ያጥባል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ልጁን ያያል። እርስዎ ግን ሥርዓት አስያዙት። አሁን ሰኞ ያቀድነውን ረቡዕ እንገመግማለን፣ የረቡዕን ግምገማ ዓርብ እንገመግማለን፣ ቅዳሜ ደግሞ ሥራው ለምን እንዳልተሠራ እንወያያለን። ለምን እንዳልተሠራ እስካሁን አልተደረሰበትም።

ሁለተኛ፣ ስለከፈቱልን የቴሌግራም ቡድን እጅግ አመሰግናለሁ። መመሪያዎ በደረሰ ቁጥር "ተቀብያለሁ፤ ለተፈጻሚነቱ በትኩረት እሠራለሁ" ብለን እንድንመልስ ስላዘዙን፣ ጣቴ ከእኔ ቀድሞ መመለስ ለምዷል። በቀደም ባለቤቴ አሰጋሽ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ትኩሳት ይዟት ቀድማ እንደተመለሰች ጻፈችልኝ። እኔም መቀበሌንና ለተፈጻሚነቱ በትኩረት እንደምሠራ ገለጽኩላት። ማታ ስገባ ትኩሳቱ በዕቅዱ መሠረት መፈጸሙን ነገረችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ እሷም እንደ ሪፖርት ነው ያቀረበችው።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ይታገሱኝ፤ መታገስን እኛም ከእርስዎ ዘንድ ተምረናል። እኔ ዕድሜዬ ከአርባ አልፎም የሕዋ ነገር የምወድ ሰው ነኝ። አምስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ሉሊትም በእኔ ወጥታለች። ካቻምና "ቅልጥፍና ባህላችን ነው" የሚል የተጣለ ባነር ከግቢያችን አንስቼ ወደ ቤት ወሰድኩና በጀርባው ሰማይ ሳልንበት። ከአካባቢያችን ከተሞች አቀስታን በረዶ የማይለቃት ፕላኔት አደረግናት፤ ደጎሎን ስንዴ የሚጫንባት፣ ኩታበርን ደግሞ መንኮራኩሮች የሚገበያዩባት። እያንዳንዳችን የየመንኮራኩራችን ካፒቴን ሆነን፣ ዳይስ እየጣልን ከአንዷ ወደ ሌላዋ እንጓዛለን፤ ነዳጅ ያልቅብናል፣ ጭነት እንዘረፋለን። ጎረቤታችን የፊዚክስ መምህሩ ጀብሪል ዳኛችን ነው፤ የስበት ሕግ ሲጣስ አይወድም። ፕላኔቶቹ ሰው ሲሞትባቸው የሚረዳዱበት ቅሬ እንኳ አላቸው። ሰው ካለ ቅሬ መኖሩ አይቀርም ብላ ያቋቋመችው ሉሊት ናት።

የምንጫወተው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው። በሌላው ቀን አሰጋሽ ፈተና ታርማለች፣ እኔ ሪፖርት አርማለሁ፤ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ አለ። የጨዋታው ሕግ ግልጽ ነው፤ ሦስት ቅዳሜ አከታትሎ የቀረ ካፒቴን ኦክስጅኑ አልቆ ይሞታል። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ ሰነፍ ተጫዋች እንዳይኖር ብዬ። ሁለቱን ቅዳሜ በግምገማ ምክንያት ቀረሁ። በሦስተኛው ሥልጠና ጠሩን፤ ርዕሱም "ሥራንና የቤተሰብ ሕይወትን አመጣጥኖ የመምራት ክህሎት" ይላል። ልጄ ትጠብቀኛለች ብዬ ፈቃድ ስጠይቅዎ ሥልጠናው የተዘጋጀው ለእኔ ዓይነቱ ሰው መሆኑን አስረዱኝ። እውነትዎን ነው። ከንግግርዎ በተረፈው ጊዜ ከደሴ የመጡት አሠልጣኝ ሚዛን ስለው አሳዩን፤ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ያለው ሠራተኛ ውጤታማ ነውም አሉ። ያለው ሰው እጁን ያውጣ ሲባል አወጣሁ፤ ስለ ጨዋታችንም ተናገርኩ። እርስዎም በጣም ደስ ብሎዎት ጨዋታው በሩብ ዓመት ተከፋፍሎ በዕቅድ መልክ እንዲቀርብልዎ አዘዙ። አቅርቤ ጸድቋል። አፈጻጸሙ ዜሮ ነው።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ያየሁትን ልንገርዎ ብዬ ነው። ከሥልጠናው ወጥቼ ቤት ስደርስ በወንበሮች ላይ አንሶላ ተወጥሯል። ድንኳን መሆኑ ነው። አሰጋሽ ንፍሮ ቀቅላለች። ሉሊት ነጠላዋን ዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጀብሪል በቅሬው ሰብሳቢነቱ ተነሥቶ፣ ኦክስጅኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማለቁን፣ ቀብሬም በክብር መፈጸሙን ነገረኝ። የቅሬው አባላት ስም ሲጠራ ስላልነበርኩም ከራሴ ቀብር ቀሪ ተብዬ ሰሃን እንዳጥብ ተቀጥቻለሁ። እስከዚህ ድረስ ቀልድ መስሎኝ ነበር። የሉሊት ዓይን ግን ቀልቷል። ፊቷ ቆሜ ይኸው መጣሁ ስላት ቀና ብላ አየችኝና "አንተ እኮ ስብሰባ ነህ" አለችኝ።

ቁጭ ብዬ የራሴን ንፍሮ በላሁ። ጨው አንሶታል። መሳቅ ወይም ማልቀስ ይገባኝ ነበር፤ ሁለቱም አልመጡልኝም። ልጄ ሐዘን ተቀምጣብኝ እያየሁ ምንም አልተሰማኝም፤ ሰሃኑን አጥቤ ተኛሁ። ክቡር ሆይ፣ ያስፈራኝ መሞቴ ሳይሆን ይህ ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው ልመናዬ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ለለቅሶ ፈቃድ የተከለከለ ሰው የለም፤ በሕይወት ባለ እንጂ በሞተ ሰው ላይ ጨክነው ስለማያውቁ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለሆነም ለመጪው ቅዳሜ ከሰዓት የሐዘን ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሟቹ የቅርብ ዘመዴ ነው። በጨዋታው ሕግ የሞተ ካፒቴን ጀማሪ ሆኖ፣ በባዶ ነዳጅ እንደገና መግባት ይችላል፤ ራሱ መጥቶ ዳይሱን መጣል ብቻ ይጠበቅበታል። ሉሊት እስከ መጪው ቅዳሜ ቦታ ትይዝልኛለች። ከዚያ በኋላ ግን ባነሩን ጠቅልላ እንደምታስቀምጠውና ዳግመኛ እንደማትዘረጋው ነግራኛለች። እሷ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት።

የስብሰባዎ ዕድሜ ከእኛ ዕድሜ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ አጀንዳ የማያልቅበት ክቡር አእምሮዎን በጥልቅ አክብሮት እጅ እየነሣሁ፣

ከመቃብርም ሆኖ ሪፖርቱን በወቅቱ የሚያቀርበው
ታማኝ አገልጋይዎ
ነፍስ ኄር ካፒቴን ሚሊዮን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅዎ የኔአለም ከሉሊት ጋር አንድ ክፍል ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችሁ ሰው ስለማታገኝ እኛ ዘንድ ትውላለች። የቀብሬ ዕለትም ነበረች፤ ንፍሮውን ያዞረችው እሷ ናት። ሥርዓቱ ሲያበቃ ለእርስዎም እንዲሁ ድንኳን እንዲተከልልዎ ቅሬውን ለምና ነበር። ቅሬው ከመከረና ካዘነላት በኋላ፣ አባቷ አንድም ቀን ወደ ጨዋታው ገብተው ስለማያውቁ ሊያለቅስላቸው እንደማይችል በአክብሮት ገልጾላታል።