የመጀመሪያው ንክኪ

ልጄ ማርኒ፣

ኦስሎ ላይ አንቺንም በሆድሽ ያለውንም አምላክ ይጠብቅልኝ። እዚህ ሃሊፋክስ በረዶው አልለቀቀም፤ አባትሽ ከሞተ ወዲህ የቤቱን ዝምታ አልለመድኩትም።

ትናንት ላቦራቶሪ ውስጥ የአይጥ ሽል አንጎል በማይክሮስኮፕ ሳይ ዋልኩ። አንድ የነርቭ ሴል ቀጭን ክሩን ዘርግቶ ጎረቤቱን ነካና ተመለሰ። ብዙዎቹ እንዲሁ ነካክተው ይቀራሉ፤ ይሄኛው ግን እንደገና ሄዶ ያዘ፤ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው የመጀመሪያዋ መልእክት ስታልፍም አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ነው። ባልደረባዬ ደንከን፣ «ቤተሰብሽን አብስሪ እንጂ!» አለኝ። ቤት ገብቼ ልደውልልሽ ስልኩን ካነሳሁ በኋላ፣ ባለፈው ስደውልልሽ «እማዬ፣ በቃ አትጨቅጭቂኝ» ያልሽኝ ትዝ አለኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ሌላ የማበስረው ሰው የለኝም።

ከባድ ዕቃ አታንሺ። ምጥሽን ያቅልልሽ፤ ልጅሽን አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ። እባክሽ ስትወልጂ «ነይ» በዪኝ፤ ሳትጠሪኝ መምጣት ፈራሁ።

እናትሽ ኦድሪ