ካውያው ላይ የተጻፈው ስም

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። አንቺ ዐርፈሻል፤ እኔ ግን ቁጭ ብድግ እላለሁ። ልጃችን ሰላም መጋረጃሽን ቀየረችው። አላማረኝም።

የምጽፍልሽ ስለ ከሰል ካውያሽ ነው። ከሙዚየም ሰዎች መጥተው፣ የከተማው ሰው ድሮ የኖረበትን ዕቃ እንሰበስባለን ሲሉ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መዝጋቢዋ ልጅ፣ አባባ፣ በዚህ ይሠራ የነበረው ማነው አለችኝ። የኮንዶሚኒየሙ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እኔ ነኝ አልኳት።

ከሥራ የወጣሁ ጊዜ ጌጃ ሰፈር የቢሮ ሰው ሸሚዝ እየተኮስሽ ያበላሽን አንቺ ነሽ። እኔ ለሰው፣ ሚስቴ የቤት እመቤት ናት እል ነበር። ፍሙ ክንድሽን ያቃጠለሽ ዕለት እንኳ፣ ሻይ ፈሰሰብኝ በይ አልኩሽ። እሺ አልሽ። ደግሞ የሰው ሸሚዝ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ደክሞሽም ቢሆን የኔን ሳትተኩሺ አትተኚም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁት። የነገሥታቱን ካባና ጋሻ አልፈሽ፣ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት ፊደል በፊደል ለቀምኩት፤ ልብስ በመተኮስ ቤተሰባቸውን ያስተዳደሩ ይላል፤ ስሙ የኔ ነው። አንዲት ተማሪ አጠገቤ ቆማ፣ ጎበዝ ሰውዬ አለች። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ። ከታች ቤት ያለው ጎረቤታችን በላይ ደግሞ፣ ያን ቀን ቆሞ ሲሰማኝ ነበርና፣ ባየኝ ቁጥር፣ ሸሚዜን ላምጣልህ ወይ እያለ ይስቅብኛል። ሰላም፣ ተወው አባዬ፣ ማን ያውቃል ትለኛለች። እኔ አውቃለሁ አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። መዝጋቢዋን ልጅ፣ ዋሽቼሻለሁ አልኳት። በዚህ ሽበት እንዲህ ማለት ምን ያህል እንደሚከብደኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ክንድሽንም ጭምር። የሺመቤት ብላ ስትጽፍ አንገቴን አስግጌ አየሁ። የእርስዎን ስም እናውጣው ወይ አለችኝ። የካውያው መያዣ ሲቃጠል ከወይራ ጠርቤ የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ይህን ከታች ጻፊ አልኳት። እውነት ነው፣ ለምን ይቀራል?

አዲሱ ወረቀት እስኪለጠፍ እየተመላለስኩ እነዘንዛቸዋለሁ። አሁን የቀረኝ በላይ ነው፤ እሱ ከሙዚየሙ ይብሳል። ነገ ሰው በተሰበሰበበት፣ ያበላችኝ ሚስቴ ናት እለዋለሁ። ከዚያም በኋላ፣ እስክከተልሽ ድረስ፣ ላልጠየቀኝም ሰው እናገራለሁ።

ባልሽ