በደም ለጋሾች ገጽ ላይ ስለተገኘው የሙሽራ ልብስ ቤት ምስክር ወረቀት

ለተከበሩ አቶ ጥጋቡ
የድረ ገጽ ማስተናገጃ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሥራ ሰዓትዎ የተረጋጋ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ በሶዶ ደም ለጋሾችን ከታማሚዎች የሚያገናኘው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ጸሐፊ የሆንኩት እኔ፣ የዋሉልንን ውለታ በአደባባይ ላመሰግን ብዕር አንስቻለሁ።

አንደኛ፤ ገጻችንን በሰርቨርዎ ላይ ስናስቀምጥ የራሳችን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እንዲሰጠን ለምነን ነበር። እርስዎ ግን ብቸኝነት እንዳይሰማን በማሰብ ከአንድ የሙሽራ ልብስ አከራይ ጋር በአንድ አካውንት አኖሩን። «የአንድ አገር ሰዎች አይደላችሁ፤ ምን ያጣላችኋል?» ማለትዎን አልረሳሁም። በእርግጥ አልተጣላንም፤ የለጋሾቻችን ስልክ ተሰርዞ በቦታው ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ስትገኝ፣ አከራይዋ ወይዘሮ ኤፊ «በስህተት ነው» ብለው ይቅርታ ጠይቀዋል። እርስዎ ትልቅ ሰው ስለሆኑ ይቅርታ አይጠበቅብዎትም።

ሁለተኛ፤ ጎብኚው በትክክል ወደ እኛ ገጽ መግባቱን ለስልኩ የሚያረጋግጠው የደኅንነት ምስክር ወረቀት በወይዘሮ ኤፊ ሱቅ ስም የወጣ ነው። ስለዚህ ገጻችንን የሚከፍት ሁሉ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም፤ መረጃዎ ሊሰረቅ ይችላል» በሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ይቀበላል። ይህንን ሳመለክት ከስልክዎ ቀና ሳይሉ «ሰዉ ዝም ብሎ ‹ቀጥል› የሚለውን ይንካ» አሉኝ።

ምክርዎ ከቢጠና ለመጣው ገበሬ ለመልካሙ አልደረሰውም። ሚስቱ ትህትና ሶዶ ሆስፒታል መጥታ ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ፤ ለእሷ የሚሆን ኦ ኔጋቲቭ ደም ወዲያው ስላልተገኘም ነርሷ የእኛን ገጽ ጠቆመችው። ከፈተው፤ ቀዩን አየ። ከዚህ በፊት በስልክ ያጭበረበሩት ሰው ነውና «ደግሞ ሊሰርቁኝ ነው» ብሎ ዘጋው። ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ የሚኖር፣ ይኸው ዓይነት ደም ያለው ለጋሻችን ስልኩን ይዞ ቤቱ ተቀምጦ ነበር፤ ማንም አልደወለለትም። መልካሙ እየሮጠ መናኸሪያ ገባና ወደ በዴሳ የሚሄዱ ሚኒባሶች ረዳቶች በሚጣሩበት መሃል «ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው! ኦ ኔጋቲቭ ደም ያለው ሰው የለም ወይ?» ብሎ ጮኸ። የራሷ ደም ኦ ኔጋቲቭ መሆኑን የምታውቅ ቦሼ የምትባል የእህል ነጋዴ ከሚኒባስ ወርዳ፣ ጆንያዋን ለሰው አደራ ሰጥታ ተከተለችው። ደሟ ተመርምሮ ተስማማ። ትህትና ተርፋ ልጇን ታጠባለች።

ሦስተኛ፤ ይህንን ሁሉ መጥቼ ስነግርዎ «ታዲያ ተረፈች አይደል?» አሉኝ። ለዚህ ንግግርዎ የሚመጥን ቃል በአማርኛ ፈልጌ አጣሁ፤ በወላይትኛ ያገኘሁት ደግሞ አይጻፍም።

ስለዚህ ገጻችንን ወደ ሌላ አስተናጋጅ ወስደነዋል። እዚያ ቤቲ የምትባል ባለሙያ ለእኛ ብቻ አካውንት ከፍታ፣ በራሳችን ስም ምስክር ወረቀት አስገባችልን፤ በነጻ የሚገኝና ራሱን በራሱ የሚያድስ መሆኑንም ነገረችን። ሥራዋን ስትጨርስ ያዘዝነው ሻይ ገና አልቀዘቀዘም። እርስዎ «በሂደት ላይ ነው» ሲሉን ግን በቆሎ ተዘርቶ፣ እሸቱ ተበልቶ አልቋል።

ከማይገባዎ ከፍ ያለ አክብሮት ጋር፣
ከእንግዲህ ደንበኛዎ ያልሆነችው
ዘመነች ባዳቾ

ማስታወሻ፦ በለጋሽነት መመዝገብ ቢፈልጉ በራችን ክፍት ነው። ሌላውን ሰው የደሙን ዓይነት ብቻ እንጠይቀዋለን፤ የእርስዎን ግን አስቀድመን ደም እንዳለዎት እናጣራለን።